አንድ ኪሎ ዱቄት ለአንድ ቶን ሙጫ፤ የግራፊን ገበያ ለማን ያተርፋል?

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ገጠር ግድግዳ የሚመርግ ሰው ጭቃውን ያለ ጭድ አያቦካም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ነፋስ ይወስደዋል። ሁለቱ አብረው ሲቦኩ ግን ስንጥቁ ጭዱ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል፤ ግድግዳውም ክረምትና በጋ ቢፈራረቁበት ይችላል። ይህን ለማወቅ የምህንድስና ዲፕሎማ አላስፈለገም። የጭድ ዋጋ ሲወደድ ግን ስንት ሸክም ለስንት ጭቃ እንደሚበቃ ማስላት ያስፈልጋል። ነገሩ የገበያ ጉዳይ የሚሆነውም ከዚህ ላይ ነው።

በዓለም የኬሚካል ገበያ ላይ በዚሁ ስሌት የሚሸጥ አዲስ ጭድ አለ። ጭቃው ኢፖክሲ ይባላል፤ ከማድረቂያው ጋር ሲቀላቀል እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ባለ ሁለት ክፍል ሙጫ ነው። ጭዱ ደግሞ ግራፊን፣ የካርቦን ናኖ ቱቦ፣ ናኖ ሸክላና ናኖ ሲሊካ የሚባሉ እጅግ የደቀቁ ዱቄቶች ናቸው። የሻጮቹ ቃል ለጆሮ ይጥማል፤ ለአንድ ቶን ሙጫ አንድ ኪሎ ዱቄት ቢጨመር ጥንካሬው በአንድ ሦስተኛና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል ይላሉ። አስመጪው፣ ደላላውና ገንዘቡን የት እንደሚያውል የሚያሰላስለው ባለሀብት ግን «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም። እውነት ከሆነስ ትርፉ በማን ኪስ ይገባል?

ያለፉት ሃያ ዓመታት ልምድ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ዱቄቱን ያመረቱት ብዙዎቹ አላተረፉም። ያተረፈው ዱቄቱን በሙጫው ውስጥ በትክክል መበተን የቻለና መበተኑንም በፈተና ወረቀት ማሳየት የቻለ ነው። ለኢትዮጵያ ገበያ የሚሆነው ትምህርትም ከዚሁ ይነሣል።

ሙጫው ከእኛ ምን አገናኘው?

ኢፖክሲ ለአገራችን ገበያ እንግዳ አይደለም። የፋብሪካ ወለል ይቀባበታል፤ በኮንክሪት ውስጥ የሚቀበር ብሎን ይታሰርበታል፤ ብረት ከዝገት ይጠበቅበታል። የአዲስ አበባ እንጨት ሠሪዎችም በግንድ ላይ እያፈሰሱ መስታወት የመሰለ ጠረጴዛ ይሠሩበታል።

በዋጋ ደረጃ ትልቁ ኢፖክሲያችን ግን በሰማይ ላይ የሚበረው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 አውሮፕላን በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ተረከበ። በአፍሪካ የመጀመሪያውን ኤርባስ ኤ350 ደግሞ በሰኔ ወር 2008 ዓ.ም. አስገባ። የ787 ክብደት ግማሽ ያህሉ፣ የኤ350 ደግሞ 53 በመቶ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው በኢፖክሲ የተነከረ የካርቦን ፋይበር ማለት ነው። በምድር ላይ ደግሞ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቻችን አሉ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው አሸጎዳ በ84 ተርባይኖች፣ አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖች ተተክለዋል። አብዛኞቹ ተርባይኖች ሦስት ሦስት፣ ከአሸጎዳዎቹ ከፊሎቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ክንፍ ስላላቸው በሁለቱ ጣቢያዎች ብቻ ከ500 በላይ ክንፎች መተከላቸው ነው። የዚህ ዓይነት ክንፍ በአብዛኛው የሚሠራው ከመስታወት ፋይበርና ከኢፖክሲ ወይም ከመሰል ሙጫ ነው።

እንግዲህ ሙጫው አለ። ድክመቱም አብሮት አለ። ይህን ድክመት ከማንም በላይ ያሳየው በራሳችን አውሮፕላን ላይ የደረሰ አደጋ ነው።

የሂትሮው ትምህርት

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የአየር መንገዳችን 787 ከኋለኛው የጣሪያ ክፍሉ እሳት ተነሣበት። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት መነሻው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ እንደነበረ አረጋገጠ። የባትሪው ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው የሪፖርቱ ክፍል ከዚህ ይቀጥላል። የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላም እሳቱ በዝግታ መጓዙን አላቋረጠም። ማገዶ የሆነለት በኮምፖዚቱ ውስጥ ያለው ሙጫ ነበር። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ ሥራ ቢመለስም ባለሙያዎች ከዚያ በፊትም የሚያውቁት የሙጫ ድክመት በገሃድ ታየ።

ድክመቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ኢፖክሲ ይነዳል። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ አንዴ ስንጥቅ ከጀመረው በንጣፎቹ መካከል እየተላቀቀ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በዚህም ምክንያት መብረቅ ሲመታው ኃይሉን የሚበትን የብረት መረብ ከላይ ይለበጥበታል፤ መረቡ ደግሞ ክብደትና ወጪ ነው። የናኖ ዱቄት ሻጮች ገበያ የሚፈልጉት እነዚህን ሦስት ጉድለቶች እየጠሩ ነው። ሸክላው እሳቱን ያዘገያል፣ ግራፊኑ ስንጥቁን ያስቆማል፣ የካርቦን ናኖ ቱቦው ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል ይላሉ። ሦስቱም አባባል በላቦራቶሪ ማስረጃ አለው። ልዩነቱ ከላቦራቶሪ እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ ነው።

ዱቄቱ ምንድን ነው?

ግራፊን ከእርሳስ እንጨት ውስጥ ካለው ግራፋይት የሚገኝ የካርቦን ገበታ ነው። ግራፋይት እንደ ተደራረበ እንጀራ ቢታሰብ ግራፊን አንዷ ገበታ ናት፤ ውፍረቷም አንድ አቶም ብቻ ነው። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለይተው አወጧት፤ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ግትርነቷ ከተራ ኢፖክሲ 300 እጥፍ ያህል፣ ከብረትም አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል።

ለነጋዴው ግን ከጥንካሬዋ ይልቅ ስፋቷ ብዙ ይናገራል። በስሌት አንድ ግራም ግራፊን ሙሉ በሙሉ ቢዘረጋ 2,630 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ይህ ከሩብ ሄክታር ይበልጣል፤ በአገራችን ገበሬ አነጋገር አንድ ጥማድ መሬት ያህል ነው። ጥቂት ዱቄት ብዙ ሙጫ የሚዳስሰው በዚህ ምክንያት ነው። በሙጫው ውስጥ የሚጓዝ ስንጥቅ በየደረሰበት ገበታ ይገጥመዋል። መታጠፍ፣ መዞር፣ ኃይሉን መጨረስ ይኖርበታል። ጭዱ በጭቃው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ከተጠቀሱት ሙከራዎች አንዱ በአሜሪካ ሬንሰለር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ነው። ከሙጫው ክብደት 0.1 በመቶ ብቻ የግራፊን ቅንጣት ሲጨመር ግትርነቱ በ31 በመቶ፣ ሲጎተት የመቋቋም አቅሙ በ40 በመቶ፣ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ በ53 በመቶ ከፍ አለ። በዚያው ሙከራ በተመሳሳይ መጠን የተጨመሩት የካርቦን ናኖ ቱቦዎች ያስገኙት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ስንጥቅን የመቋቋም አቅም ለምሳሌ 20 በመቶ ብቻ ጨመረ። «አንድ ኪሎ ለአንድ ቶን» የሚለው የሻጮች አባባል ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ መሠረቱ እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ጓሉ ያለበት ቦታ

ታዲያ ውጤቱ ይህን ያህል ካማረ ዓለም ሁሉ ለምን አልተጠቀመበትም? መልሱን ገንፎ ያገነፋች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ዱቄት በአንድ ጊዜ ሲጨመር ይጓጉላል። ገበታዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ ተመልሰው ይደራረባሉ፤ የተደራረበ ግራፊን ደግሞ ግራፋይት ነው። ያን ጊዜ አንድ ጥማድ የነበረው ስፋት ይጠፋል። ከዚያም የከፋው ጓሉ ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ሙጫው በዱቄቱ ሊጠነክር ሲገባው በዱቄቱ ይደክማል። ለዚህ ነው የዱቄቱ መጠን ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ውጤቱ የሚያሽቆለቁለው። ሲበዛ ማርም ይመራል እንዲሉ።

ጓሉን ለመበተን የድምፅ ሞገድ፣ ቀለም ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሦስት ሲሊንደር ወፍጮ፣ ወይም እንደ አሴቶን ያለ ማሟሚያ ይሠራበታል። ሌላው ዘዴ የገበታውን ገጽ በኬሚካል ማዘጋጀትና ከሙጫው ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ነው። ሁሉም ጊዜ፣ መሣሪያና ሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ማሟሚያው በሚገባ ካልተነነ ደግሞ በሙጫው ውስጥ ቀርቶ ሌላ ድክመት ይሆናል።

በዚህ ላይ ሁለት ችግር ይጨመራል። ዱቄት የገባበት ሙጫ ይወፍራል፤ የወፈረ ሙጫ በፋይበሩ ክሮች መካከል ሰርጎ ለመግባት ይቸገራል። ፋይበሩም እንደ ወንፊት ዱቄቱን ከበር ላይ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ችግር ባለሀብት ሊያስተውለው የሚገባ ነው። ፋይበር ባለበት ኮምፖዚት ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ፋይበሩ እንጂ ሙጫው አይደለም። በንጹሕ ሙጫ ላይ የተገኘ 40 በመቶ ጭማሪ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ 40 በመቶ ሆኖ አይገኝም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ንጣፎቹ በሚያያዙበት ቦታ ነው። «40 በመቶ» ብሎ የሚሸጥ ደላላ ሲመጣ «በምን ላይ የተለካ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለስሌት እንዲመች የኢፖክሲ ኪሎ 5 ዶላር፣ የግራፊን ቅንጣት ኪሎ 100 ዶላር ነው ብለን እንነሣ። የግራፊን ዋጋ እንደ ደረጃው በጣም ስለሚለያይ አንባቢ የራሱን አኃዝ እያስገባ ሊያሰላው ይችላል።

አንድ ቶን ሙጫ 5,000 ዶላር ያወጣል። 0.1 በመቶ ግራፊን ሲገባበት አንድ ኪሎ ነውና ወጪው በ100 ዶላር፣ ማለትም በ2 በመቶ ብቻ ያድጋል። 1 በመቶ ቢገባበት ግን 10 ኪሎ፣ 1,000 ዶላር፣ ማለትም 20 በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያው ለማንም ነጋዴ አያስቸግርም። ሁለተኛው ገበያውን ይዘጋዋል። ዱቄቱ በደንብ ካልተበተነ ደግሞ አምራቹ ውጤት ፍለጋ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፤ ወጪው ከ2 ወደ 20 በመቶ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። መበተን አለመቻል የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የዋጋ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ይህንኑ ወደ ሐይቅ እናምጣው። በሐይቁ ላይ ለዓሣ ማጥመጃ ወይም ለጎብኚ የሚሆን የፋይበርግላስ ጀልባ ለማሠራት 50 ኪሎ ሙጫ ያስፈልጋል እንበል። 0.1 በመቶ ማለት 50 ግራም፣ ማለትም 5 ዶላር ነው። ርካሽ ነው፤ ታዲያ ለምን አይጨመርም? በመጀመሪያ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ጀልባዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በኢፖክሲ ሳይሆን ርካሽ በሆነው ፖሊስተር ሙጫ ነው። ፖሊስተር በጨዋማ ውኃ ካለው ይልቅ እንደ ሐይቅ ባለ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ገጹ ውኃ እየቋጠረ ይነፋል። ኢፖክሲ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ስለሚያበላሸው በላዩ ላይ ቀለም ይፈልጋል።

ከዚያም በላይ ጀልባን የሚሰብረው ከድንጋይ ጋር መጋጨትና የሠሪው ስህተት ነው። ፋይበሩ እርጥበት ከያዘ፣ አረፋ በሙጫው ውስጥ ከቀረ፣ ማድረቂያው በዓይን ግምት ከተጨመረ ግራፊን አያድነውም። የደጋው ሌሊት ብርድም አለ፤ ሙጫው በቀዝቃዛ አየር ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ወቅቱን የጠበቀ ማድረቂያ ካልተመረጠለት ሳይበስል ይቀራል። ለእንዲህ ያለ ሥራ 5 ዶላሯን ዱቄት ላይ ከማዋል በጥሩ ሚዛን መግዣ ላይ መጨመር ይበልጣል። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ይህ ነው።

ግራፊን የሚያዋጣው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ኪሎ ክብደት መቀነስ ለዓመታት ነዳጅ በሚያተርፍበት፣ ወይም አንድ ብልሽት ብዙ ገንዘብ በሚያስከፍልበት ሥራ ላይ ያዋጣል። የአውሮፕላን አካል፣ የነፋስ ተርባይን ክንፍ ጫፍ፣ የጋዝ ማጠራቀሚያ በርሜል፣ እንዲሁም የብረት መከላከያ ቅብ የዚህ ምሳሌ ናቸው። ከእነዚህ ለአገራችን ነጋዴ የሚቀርበው የመጨረሻው ነው። በቅብ ውስጥ ተነጥፎ የሚተኛ ገበታ ውኃና ኦክስጅን ወደ ብረቱ የሚደርሱበትን መንገድ ያጠማዝዘዋል። በቅብ ላይ ሸክም የሚሸከም ፋይበር ስለሌለ ዱቄቱ የሚሠራው ሥራ በቀጥታ ይታያል።

ዱቄት አምራቾቹ የት ደረሱ?

«ዱቄቱን እናመርታለን» ብለው የተነሡትን ዕጣ ማየት ለባለሀብት ከማንኛውም ጥናት የበለጠ ያስተምራል። የጀርመኑ ቤየር ማቴሪያልሳይንስ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ በሌቨርኩዘን በዓመት 200 ቶን የካርቦን ናኖ ቱቦ የሚያመርት ፋብሪካ ከፈተ። በ2013 ከዘርፉ መውጣቱን አስታወቀ። ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው የአጠቃቀሙ ገበያ በጣም የተበታተነ መሆኑንና ከኩባንያው ዋና ዋና ምርቶች ጋር እምብዛም አለመገናኘቱን ነው። ቤየርን ያህል ካፒታልና ኬሚስት ያለው ድርጅት በዚህ አኳኋን መውጣቱ ቀላል ምልክት አይደለም።

በእንግሊዝ ከደርሃም ዩኒቨርሲቲ የወጣው አፕላይድ ግራፊን ማቴሪያልስ እ.ኤ.አ. በ2013 አክሲዮኑን በለንደን ገበያ ለሕዝብ አቀረበ። ለኢፖክሲና ለብረት ቅብ የሚሆን አስቀድሞ የተበተነ ግራፊን ይሸጥ ነበር። በ2023 ሥራው ለሌላ ኩባንያ ተላልፎ ተሸጠ። በአሜሪካ ሚሺጋን የነበረው ኤክስጂ ሳይንስስ ደግሞ ፎርድን የሚያህል ደንበኛ አግኝቶ ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ግራፊን የገባበትን ስፖንጅ በሞተር ክፍል ውስጥ መጠቀም ሲጀምር የጨመረው ከግማሽ በመቶ በታች ነበር። ድምፅ በ17 በመቶ ቀነሰ፤ ሙቀት መቋቋሙ በ30 በመቶ ጨመረ ብሎ አስታውቋል። ሆኖም የኤክስጂ ሳይንስስ ንብረት በ2022 በካናዳው ናኖኤክስፕሎር ተገዛ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ምሥጢሩ ከላይ ባየነው ሒሳብ ውስጥ ነው። ለአንድ ቶን አንድ ኪሎ የሚበቃ ከሆነ ገዢው የሚፈልገው በጣም ጥቂት ነው። ዱቄቱ በተሻለ ቁጥር የሚሸጠው መጠን ያንሳል። ፋብሪካው ግን በኪሎ ሳይሆን በቶን ካላመረተ ወጪውን አይሸፍንም። ናኖኤክስፕሎር ራሱ በዓመት 4,000 ቶን የማምረት አቅም ሲገነባ ዱቄት ሻጭ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዱቄቱን የሚበላ የፕላስቲክና የኮምፖዚት ክፍሎች ማምረቻም አብሮ ይዟል።

ግራፊን የሚል ጽሑፍ ያለበት ጆንያ

ከዚህ ሁሉ በላይ ለአስመጪ የሚያሰጋው የጥራት ጉዳይ ነው። የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ60 አምራቾች የተሰበሰበ «ግራፊን» መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አወጡ። በአብዛኞቹ ናሙናዎች ውስጥ የተገኘው እውነተኛ ግራፊን ከ10 በመቶ በታች ሆነ። ከ50 በመቶ በላይ የያዘ ናሙና አልተገኘም። የቀረው በአብዛኛው የደቀቀ ግራፋይት ነበር።

ይህን በሒሳባችን ላይ እናስገባው። ኪሎው በ100 ዶላር የተገዛው ዱቄት 10 በመቶ ብቻ ግራፊን ከሆነ የእውነተኛው ግራፊን ዋጋ ኪሎው 1,000 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ቀሪው 900 ግራም ኪሎው በጥቂት ዶላር የሚገኝ ግራፋይት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ እያንዳንዱ ዶላር በብር ሲመነዘር የሚያሳምም ነው። በዚህ ላይ ግራፋይትን በግራፊን ዋጋ ማስገባት ኪሳራውን እጥፍ ያደርገዋል።

የገዢው መከላከያ ደረጃ መጠየቅ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይሶ እ.ኤ.አ. በ2017 ግራፊን ተብሎ የሚጠራው ምን እንደሆነ የቃላት ደረጃ አወጣ፤ በዚህም መሠረት ከ10 ገበታ በላይ የሆነው በግራፊን ስም አይጠራም። በ2021 ደግሞ የዱቄቱን አወቃቀር የመለኪያ ዘዴ የሚወስን ደረጃ ወጣ። ሻጩ በዚህ ደረጃ የተለካ ወረቀት ካላቀረበ የሚሸጠው ስም ብቻ ነው።

ሞያሌና አፋር

በዚህ ርዕስ ላይ ደላሎች የሚያነሡት ሌላ ተስፋ አለ። በሞያሌ አካባቢ የግራፋይት ክምችት መኖሩ የታወቀ ነው። ግራፋይት ካለን ግራፊን አለን የሚል መደምደሚያ ግን ትክክል አይደለም። ጤፍ የዘራ ሁሉ እንጀራ ሻጭ አይሆንም። ከድንጋዩ እስከ ገበታው ድረስ መፍጨት፣ ማጥራት፣ ማስፋፋት፣ መፈልፈልና መለካት አለ። ከዚህ መንገድ አንዱ፣ ግራፋይትን ወደ ኦክሳይድ የሚለውጠው የሐመርስ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም ሰልፈሪክ አሲድና ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይፈልጋል፤ የፍሳሹ አወጋገድ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የግራፋይት ትልቁ ገበያ ደግሞ ግራፊን ሳይሆን የባትሪ አኖድና የብረት ማቅለጫ ነው። በግራፋይት ገበያ የበላይነት የያዘችው ቻይና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ወደ ውጭ በሚላከው ላይ ቁጥጥር ማድረግ ስትጀምር ገዢዎች ሌላ ምንጭ መፈለጋቸው አልቀረም። ሞያሌ ዕድል ካላት በዚያ በኩል ነው።

ለወሎ የሚቀርበው መሙያ ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ አፋር ያደርሳል። በዚያ በገዋኔና በለዲ ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ አለ። የቤንቶናይት ዋና ማዕድን ሞንትሞሪሎናይት ይባላል፤ እርሱም እንደ ግራፋይት በስስ ገበታ የተደራረበ ነው። ከተጣራና በተገቢው ኬሚካል ከታከመ በኋላ በሙጫ ውስጥ ሲበተን ናኖ ሸክላ ይሆናል። የጃፓኑ ቶዮታ በ1980ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት የናኖ ዱቄትን ለመኪና ክፍል ያዋለው በግራፊን ሳይሆን በዚሁ ሸክላ ነበር፤ ያኔ የተቀላቀለው ከናይለን ጋር ነው። ሸክላ በኢፖክሲ ውስጥ ውኃና እሳትን ለማዘግየት ይጠቅማል፤ እንደ ግራፊን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዋጋው ግን ከግራፊን ጋር አይወዳደርም።

ይህም ቢሆን ነገ ፋብሪካ ይተከል ማለት አይደለም። ቤንቶናይት በጥሬው ለጉድጓድ ቁፋሮ፣ ለዘይት ማጣሪያና ለመሳሰሉት ይሸጣል፤ ናኖ ሸክላ የዚያ ሥራ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካልና ኬሚካል ምህንድስና ያስተምራል። አንድ ባለሀብት ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ሸክላና ሙጫ ቢያቀርብ ከፋብሪካ ዋጋ አንድ ሺህኛ በማይሞላ ወጪ መልስ ያገኛል።

ለነጋዴው የሚሆን

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር በተግባር ሊፈጸም የሚችል ነው።

አንደኛ፣ ደረቅ ዱቄት ከማስገባት አስቀድሞ በሙጫ ውስጥ የተበተነውን ማስገባት ይሻላል። በኪሎ ሲታይ ይወደዳል፤ የመበተኛ መሣሪያ ለሌለው ገዢ ግን በመጨረሻ የሚረክሰው እርሱ ነው። ለሠራተኛው ሳንባም ይሻላል። በጣም የደቀቀ ዱቄት በትንፋሽ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አንዱን የካርቦን ናኖ ቱቦ ዓይነት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት መድቦታል። ኢፖክሲ ራሱም ቆዳ ያሳክካልና ጓንት ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሻጩ ሁለት ናሙና ይስጥ፤ አንዱ ዱቄት ያለበት፣ ሌላው ያው ሙጫ ዱቄት የሌለበት። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ማድረቂያ ተሠርተው በመጎተቻ ማሽን ይፈተኑ። ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ቁራጭ ቢፈተን አማካዩ ብቻ ሳይሆን መዋዠቁም ይታያል። አንዱ ቁራጭ እጅግ ጠንክሮ ሌላው ቶሎ ከተሰበረ ዱቄቱ ጓጉሏል ማለት ነው። ለቅብ ከሆነ ደግሞ የተቀባ ብረት ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ አቆይቶ ዝገቱን ማየት ነው።

ሦስተኛ፣ ውሉ በዱቄቱ ስም ሳይሆን በውጤቱ ይጻፍ። «ግራፊን ያለበት ኢፖክሲ» ብሎ የሚፈርም አስመጪ ስም ይገዛል። «እዚህ አገር ሲፈተን ይህን ያህል የሚቋቋም» ብሎ የሚፈርም ግን ዕቃ ይገዛል፤ ዕቃው ጎድሎ ቢገኝም የሚመልስበት መብት ይኖረዋል።

አራተኛ፣ ዱቄት ለማምረት ካፒታል ያዘጋጀ ባለሀብት መጀመሪያ የቤየርን መውጫ ያንብብ። ከዚያም በዓመት ስንት ቶን ሙጫ በአገር ውስጥ እንደሚሸጥ ከአስመጪዎች ጠይቆ በአንድ ሺህ ያካፍለው። የሚያገኘው ቁጥር የገበያው ልክ ነው። ያ ቁጥር ፋብሪካ ካላሠራ የመፈተኛ ማሽንና የሠለጠነ ኬሚስት ሊያሠራ ይችል ይሆናል። በዚህ ዘርፍ እስካሁን ሰው ያልያዘው ቦታም ይኸው ነው፤ አስመጪውም ሆነ የቀለም ፋብሪካው የሚያምኑት ገለልተኛ ፈታኝ።